ኮልት ፓይተን ወይስ ሞዴል 27?

ወንድሜ፣ ከቀረቡልህ ሁለት አሮጌ ሪቮልቨሮች፣ ከኮልት ፓይተንና ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 27፣ የትኛውን ልግዛ ብለሃል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ፣ ሁለቱም 357 ማግነም የተባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚጎርሱ ናቸው። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ይበቃል፤ የምትገዛው ደግሞ የስብስብህ ጌጥም፣ የየሳምንቱ የዒላማ መሣሪያም እንዲሆን ትፈልጋለህ። ሁለቱም በእጄ አልፈዋል። በየሳምንቱ የምትተኩስ ከሆነ 27ቱን ግዛ።

ይህን ስል ፓይተንን ማቃለሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ ባለሙያ በእጁ እየሞረደ ያገጣጠመው ሽጉጥ ነበር፤ ጥቁር ሰማያዊ ልባሱ ፊትህን ያሳይሃል። ምላጩን እስከ መጨረሻው ስበህ እንደያዝህ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ስድስቱን ጥይት የሚይዘውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ብትነቀንቀው ግንብ የነካህ ይመስልሃል። 27ቱ በዚሁ ሙከራ ትንሽ ይላወሳል። ሰው ሁሉ በዚህ ይማረካል፤ እኔም ተማርኬ ነበር። ነገር ግን የፓይተን ብርታቱም ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ሲሊንደሩን የምታዞረው ትንሽ የብረት ጣት ጥይቱ በሚተኮስበት ቅጽበት እንኳ መግፋቷን አትተውም፤ ከሥር ያለው መቆለፊያ ደግሞ አላሳልፍም ይላል። በተተኮሰ ቁጥር በሁለቱ መካከል የምትፈጨው ያቺ ጣት ናት።

የእኔ ፓይተን ሕመሙን የተናገረው በጓደኛዬ ጉንጭ ላይ ነው። ከጎኔ ቆሞ ሳለ ጉንጩን ያዘና «ምንድን ነው የሚወጋኝ?» አለ። በጣቱ ያነሳው የጥይት እርሳስ ፍቅፋቂ ነበር። ያቺ ጣት አልቃ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከበርሜሉ ጋር በትክክል ሳይገጥም ስለሚቆም፣ እርሳሱ ሲያልፍ ጠርዙ እየተላጨ በጎን ይረጭ ነበር። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰድሁት፤ ሰውየው የድሮ ኮልት ልማድ አልነበረውምና ሞርዶ አባሰው። የሚያውቅበት እስካገኝ ሽጉጡ ለወራት ሳጥን ውስጥ ተኛ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተኮስሁት በ27ቱ ነው።

27ቱ ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1935 ከወጣው የመጀመሪያው 357 ማግነም ሪቮልቨር ይወርዳል። ግዙፍ ነው፤ ክብደቱ ግን የማግነምን ርግጫ ይውጠዋል። ጥፋቱ ጽዳት ላይ ነው። የዚያ ዘመን ሲሊንደር የቀለሁን ከንፈር የሚሰውር ጎድጓዳ ስላለው ጥላሸት ይጠራቀምበታል። እዚሁ ሽጉጥ ውስጥ የሚገባውን አነስተኛ ጥይት፣ 38 ስፔሻልን፣ ስታበዛበት ደግሞ፣ ቀለሁ ከ357ቱ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር በቀዳዳው ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፤ በኋላ 357ቱ አልገባም ይልሃል። ይህ በፓይተኑም ያው ነው። ብሩሽ አይለይህ።

የትኛውንም ብትመርጥ ገንዘብ ከመቁጠርህ በፊት ይህን አድርግ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይተህ፣ እንደገና አይተህ፣ አንድ ጣትህን ሲሊንደሩ ላይ በስሱ አሳርፍና መቺውን በአውራ ጣትህ እጅግ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳበው። መቺው ተይዞ ከመቆሙ በፊት የሲሊንደሩ መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ቦታው መግባት አለበት። መቺው ከቀደመ ያቺ የብረት ጣት አልቃለች ማለት ነው። ስድስቱንም የጥይት ቀዳዳ ሞክር፤ አምስቱ ደኅና ሆነው አንዱ የሚያታልል ሽጉጥ አይቻለሁ። (ኮልት ወደ ቀኝ፣ ስሚዝ ወደ ግራ ስለሚዞሩ ግራ አይግባህ።) የብሎኖቹን ራስም እይ፤ የተፋቀ ካለ የማያውቅ እጅ ገብቶበታል። ሻጩ እንደ ፊልም ተዋናይ ሲሊንደሩን ወርውሮ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ትተኸው ሂድ፤ ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ የሚጣመመው በዚህ ነው።

የአሮጌ ሽጉጥ ዋጋ ያለው ፋብሪካው በሰጠው ልባስ ላይ ነው፤ ቢደበዝዝም ቢጫጫርም አታስቀባው። በቆዳ ማህደር ውስጥም አታሳድረው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። የእንጨት እጀታዎቹን ፈትተህ በጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ በጎማ እጀታ ተኩስ።

ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓይተኑ ከነሳጥኑ፣ ከነወረቀቱ፣ ብዙም ሳይተኮስበት የተቀመጠ ከሆነ። ያኔ እርሱን ግዛ፣ ግን አትተኩስበት፤ ኮልት እ.ኤ.አ. በ2020 ውስጡን አሻሽሎ እንደገና ማምረት ስለጀመረ የፓይተን ጥም አዲሱን በመተኮስ ይወጣል። በላክኸው ፎቶ ላይ ግን የፓይተኑ ሲሊንደር ዙሪያውን ሰፊና ጥልቅ ጭረት ይታየኛል። ያ ብዙ የሠራ ሽጉጥ ነው።