እናቱ «የሠርግ ቤት መብራት» ያሉት ሰዓት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በ11 ትናንሽ ኤልኢዲ አምፖሎችና በአንድ አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ባይነሪ ሰዓት፣ ማለትም ቁጥሩን አምፖል በማብራትና በማጥፋት የሚያሳይ ሰዓት፣ ሠራሁ። 5ቱ አምፖሎች ሰዓት፣ 6ቱ ደቂቃ ያሳያሉ። ግን በሳምንት 20 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። እናቴማ «የሠርግ ቤት መብራት» እያለች ትስቅብኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር! ደሴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ስንት ዓመቴ፤ ከዚህ የባሰ ስንት አይቻለሁ።

አርዱዊኖውን አትውቀሰው። ጊዜ መጠበቅ ሙያው አይደለም። በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታለት ሴራሚክ ሬዞኔተር ስህተቱ እስከ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ ስታሰላው ግን በቀን ከ7 ደቂቃ በላይ ነው። ያንተ በቀን 3 ደቂቃ አይሞላም፤ እንዲያውም ጨዋ ነው።

ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ቺፕ ግዛ። ውስጡ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል አለ። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም፤ 15 ጊዜ ለሁለት ብትከፍለው ልክ 1 ይወጣል። እሷ ናት ሴኮንድህ። ቺፑ ሙቀቱን ራሱ እየለካ ስለሚያስተካክል የደሴ ብርድም የኮምቦልቻ ሙቀትም አያሳስተውም። በዓመት ቢሳሳት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። መብራት ሲሄድም ጀርባው ላይ ባለችው ጠፍጣፋ ባትሪ መቁጠሩን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። ርካሹ ሰማያዊ ሞጁል ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አለው፤ የታሰበው ቻርጅ ለሚደረግ ባትሪ ነው። እኔ ሳላስተውል ቻርጅ የማይደረገውን ተራውን ሲአር2032 ባትሪ ከተትኩበት። በሁለተኛው ወር ባትሪዋ እንደ ድፎ ተነፍታ ከቤቷ አልወጣ አለችኝ። አንተ ከዳዮዷ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከምታሳልፈው) አጠገብ 201 ተብሎ የተጻፈባትን ሚጢጢ ሬዚስተር (ከረንት የምትገድበዋን) በመበየጃ አሙቀህ ንቀላት። ሰዓቱ ያለ እሷ ይሠራል።

አሁን ወደ እናትህ። እሳቸው እኮ አልተሳሳቱም! ለሰዓቱ 5 አምፖል ያስፈለገህ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 24 ስለምትሄድ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ45 ላይ እናትህ ቡና እየቆሉ፣ ያንተ ሰዓት 9 ይላል። ማን ያንብብልህ? በፕሮግራሙ ላይ ሰዓቱን 6 ደምርበት፣ ለ12 አካፍለው፣ ቀሪውን ውሰድ። ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በለው። የቤታችሁን ሰዓት ያገኛሉ፤ አንተም አንድ አምፖል ታተርፋለህ።

ከዚያ ከሰዓቱ አምፖሎች ሥር 8፣ 4፣ 2፣ 1፤ ከደቂቃዎቹ ሥር 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብለህ ጻፍ። 3 ሰዓት ከ45 ላይ ከላይኛው ረድፍ 2ና 1 ይበራሉ። ከታች 32፣ 8፣ 4ና 1 ይበራሉ። የበራውን መደመር ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ እንቁላልና በርበሬ ሲያሰሉ ለኖሩ እናት ይሄ ምን ይከብዳል? በነገራችን ላይ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ የማባዛት ዘዴ በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይባላል። መሠረቱ ይኸው 1፣ 2፣ 4፣ 8 ነው። ባዕድ ነገር ነው ካሉህ ይህን ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ ነው የምጽፍልዎ። የኔ ሰዓት 1 ሰዓት ላይ አምፖሏ ቦግ ትላለች። 7 ሰዓት ሲሆን ግን ሦስቱም ይደበዝዛሉ። ቺፑ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ቺፑ ደህና ነው፣ እህቴ። ለሁሉም አምፖል አንድ ሬዚስተር ብቻ አድርገሻል መሰለኝ። 7 ሲሆን 4፣ 2ና 1 አብረው ስለሚበሩ ያችኑ ከረንት ለሦስት ይካፈሏታል። ለእያንዳንዷ የራሷን 330 ኦም ስጪያት። በ5 ቮልት ቀይ ኤልኢዲ 9 ሚሊአምፔር ገደማ ታገኛለች፤ ይበቃታል። ሬዚስተሩን ከሞተ ሬዲዮ የምትነቅይ ከሆነ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ቡኒ መስመር ያለበትን ፈልጊ።