ማዳበሪያን በአግባቡ መጠቀማችን ለአካባቢ ምን ለውጥ አመጣ? እንዴት ነው የሚለካው? (ረዘም ያለ መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ማዳበሪያውን በትክክለኛው አይነት፣ መጠን፣ ጊዜና ቦታ መስጠት ከጀመርን ሁለት አዝመራ ሆነን፣ አሁን ግን ለአካባቢው ያመጣውን ለውጥ በቁጥር አሳዩ ተባልን፣ የትኛውን መሳሪያ እንግዛ ነው ያለችው። ከላይ ብዙ ሰው የመሳሪያ ስም ደርድሮላታል። እኔ የእርሻ መረጃ በመሰብሰብ ስራ ላይ ጥቂት አመት ቆይቻለሁ፣ እና ምክሬ ለጊዜው ምንም አትግዢ ነው። መጀመሪያ ደብተርሽን አውጪ።

ምን ማለቴ ነው፣ ናይትሮጅን ገብቶ የሚወጣ ነገር ነው አይደል። ማሳው ላይ የገባውን ታውቂዋለሽ፣ በእህል የወጣውንም በግምት ታውቂዋለሽ፣ መሀል ላይ የጎደለው ነው እንግዲህ ወደ አየር ወይ ወደ ውሃ የሚሄደው ወይ አፈር ውስጥ የሚቀረው። በምሳሌ እንየው፣ አንድ ሄክታር ስንዴ ላይ 200 ኪሎ ዩሪያና 100 ኪሎ ዳፕ (ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ያለው ማዳበሪያ) ተጨመረ እንበል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው ስለዚህ 92 ኪሎ፣ ዳፕ 18 በመቶ ስለሆነ 18 ኪሎ፣ ድምሩ 110። ምርቱ 40 ኩንታል ከሆነና የስንዴ ፍሬ በግምት 2 በመቶ ናይትሮጅን ካለው 80 ኪሎው በእህሉ ወጣ ማለት ነው፣ ትርፉ 30። በቀጣዩ አመት ዝናቡ ተቋርጦ በዛው ማዳበሪያ 25 ኩንታል ብቻ ቢገኝስ? የወጣው 50 ኪሎ ነው፣ ትርፉ 60፣ እጥፍ ሆነ። የማዳበሪያው መጠን አንድ ግራም አልተቀየረም'ኮ! ለዚህ ነው "ይሄን ያህል ማዳበሪያ ቀነስን" የሚል ሪፖርት ብቻውን ምንም የማይነግረኝ። ገለባውን ከማሳው ካነሳችሁ እሱም እንደወጣ ይቆጠራል፣ ፍግ ከገባ ወይ አተርና ባቄላ ከተፈራረቀ ደግሞ በገባው በኩል ይደመራል፣ ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል።

ለማነጻጸሪያ የአውሮፓ የናይትሮጅን ባለሙያዎች ፓነል ያወጣው ልኬት አለ፣ የወጣው ከገባው ከ50 እስከ 90 በመቶ ቢሆን፣ ትርፉም በአመት በሄክታር ከ80 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። ከላይ ያለው ምሳሌ በመጀመሪያው አመት 73 በመቶ ነው፣ በሁለተኛው 45፣ ወርዷል። ከ100 በላይ ከወጣ ግን እንዳትደሰቺ፣ አፈሩን እየበላችሁት ነው ማለት ነው። አንድ እርሻ ማዳበሪያ በግማሽ ቀነስን ብሎ ሲኩራራ ሂሳቡን ሰራንለትና በየአመቱ ከሚሰጠው በላይ እየወሰደ ሆኖ ተገኘ። አፈር ሲራቆትም የአካባቢ ጉዳት ነው፣ ግን ማንም አያወራለትም።

ሁለተኛው ነገር "ከምን ጋር ሲነጻጸር?" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። ካለፈው አመት ጋር ካነጻጸርሽ የለካሽው ዝናቡን እንጂ የራስሽን ስራ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በዛው ማሳ፣ በዛው አዝመራ፣ ሶስት መስመር ተዪ፦ አንዱ እንደ ድሯችሁ የሚዳበር፣ አንዱ በአዲሱ አሰራር፣ አንዱ ደግሞ ናይትሮጅን ጭራሽ የማይነካው። ባዶው መስመር አፈሩ በራሱ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይነግርሻል። ለምሳሌ ባዶው 22 ኩንታል፣ የዳበረው 40 ከሰጠ፣ 1800 ኪሎ ለ110 ሲካፈል በአንድ ኪሎ ናይትሮጅን 16 ኪሎ እህል ተጨመረ ማለት ነው። ገበሬዎቹ ባዶ መስመር ማየት ይጠላሉ፣ ማሳችንን አበላሻችሁት ይላሉ፣ አልፈርድባቸውም። ግን እንግሊዝ ሀገር ሮትሃምስቴድ የሚባለው የምርምር ጣቢያ ውስጥ ከ1843 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማዳበሪያ ሳይነካው ስንዴ የሚዘራበት ቁራጭ መሬት አለ፣ እስካሁን ይጠቀሙበታል። ለእናንተ ጥቂት ሜትር ይበቃል።

አሁን ወደ ውሃው። ውሃ ሁሉም መለካት የሚወደው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጠርሙስ ሞልቶ ላብራቶሪ (ላብ) መላክ ቀላል ይመስላል። የኛን ጉድ ልንገርሽ። ከጉድጓድ ናሙና ወስደን ላብ ላክን፣ ውጤቱ 12 ሚሊግራም በሊትር ብሎ መጣ፣ የአለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት (ናይትሮጅን በውሃ ሟሙቶ የሚሄድበት መልክ) ወሰን 50 ስለሆነ እሰይ ብለን ሪፖርት ጻፍን፣ አንድ ወር ሙሉ ተደስተን ሰነበትን። በኋላ አንዱ ልጅ ወረቀቱን ደግሞ ሲያየው ቁጥሩ "ናይትሬት ናይትሮጅን" ነው ለካ፣ ማለትም ናይትሬቱ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ክብደት ብቻ። እሱ በ4.43 ሲባዛ ነው ናይትሬት የሚሆነው፣ 12 የነበረው 53 ሆነ፣ ከወሰኑ በላይ። ጥፋቱ የላቡ አልነበረም፣ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ እኛ ነን ያላነበብነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉሻል ይሄ ነው፣ ስለዚህ የመለኪያ አሃዱን ሳታዪ ቁጥር እንዳትጽፊ።

ሌላው፣ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ የዛሬ አመት ስራሽን አያሳይም፣ ናይትሬት ወደ ታች እስኪሰርግ አንዳንድ ቦታ አመታት ይፈጃል። ዛሬ የምትለኪው ከናንተ በፊት የተሰራውን ሊሆን ይችላል፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ። ቶሎ የሚናገረው ከአጨዳ በኋላ ወዲያው አፈር ውስጥ የቀረው ናይትሬት ነው። ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከተቻለም እስከ 90 ሴንቲሜትር ለየብቻ ይወሰዳል፣ በዚግዛግ ከ15 እስከ 20 ቦታ ቆፍራችሁ በየጥልቀቱ ቀላቅሉት፣ ፍግ የተከመረበትንና የማሳውን ዳር ዝለሉ። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ይሂድ፣ ሙቀት ላይ ከዋለ ማይክሮቦቹ ስራቸውን ስለሚቀጥሉ ቁጥሩ ይለወጣል። ውጤቱን ወደ ሄክታር ለመቀየር፣ የአፈሩ እፍጋት 1.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከሆነ በ30 ሴንቲሜትር ንብርብር 1 ሚሊግራም በኪሎ ማለት 3.9 ኪሎ በሄክታር ነው። ሶስቱን መስመሮች በዚህ አወዳድሪያቸው፣ ልዩነት ካለ እዚህ ላይ ቀድሞ ይታያል።

ፎስፈረስ ሌላ ባህሪ አለው፣ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ ነው በጎርፍ የሚሄደው። ስለዚህ ከማሳው በላይና በታች፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ሰአት የተቀዳ ውሃ ከሌለሽ በደረቅ ወቅት የቀዳሽው አስር ጠርሙስ ዋጋ የለውም። ሀይቅን አረንጓዴ የሚያደርገው ፎስፈረስ ከ1 ሚሊግራም በሊትር እጅግ ያነሰ ነው፣ ሰብሉ የማያውቀው ኪሳራ ለአልጌው ድግስ ነው። ኢሪ ሀይቅ ዳር ያለችው የአሜሪካዋ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከ400 ሺህ በላይ ሰው የቧንቧ ውሃ አትጠጡ የተባለው በእንደዚህ አይነት አልጌ መርዝ ነው፣ የሀይቁ ፎስፈረስ ደግሞ በብዛት ከእርሻ የመጣ ነው።

ጋዙን በተመለከተ፣ ናይትረስ ኦክሳይድን (ከማዳበሪያው ናይትሮጅን የሚወጣ፣ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ) ማሳ ላይ በቻምበር፣ ማለትም ጋዙን በሚያጠራቅም ዝግ ሳጥን መለካት ውድ ነው፣ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከማዳበሪያና ከዝናብ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ስለሆነ በወር አንዴ የሚለካ ሰው ዋናውን ያልፈዋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግስታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል) ቀመር ያሰላል፣ ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶው በዚህ ጋዝ መልክ ይወጣል ብሎ፣ (በ2019 እ.ኤ.አ. ማሻሻያው ለሰው ሰራሽ ማዳበሪያ እርጥብ አየር ንብረት 1.6፣ ደረቅ 0.5)። 110 ኪሎው በ1 በመቶ 1.1 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል፣ ወደ ጋዙ ክብደት ለመቀየር ሲባዛ በ44 ሲካፈል ለ28፣ 1.73 ኪሎ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ስለሆነ በ273 ሲባዛ ከ472 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው። ለ40 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 12 ኪሎ ገደማ፣ ለ25 ሲካፈል 19። በሄክታርም በኩንታልም አሳዪ፣ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው።

ግን ተጠንቀቂ፣ ይሄ ቀመር የሚያየው መጠኑን ብቻ ነው። ማዳበሪያውን ለሁለት ከፍላችሁ ብትሰጡ፣ ዩሪያውን በአፈር ብትሸፍኑ፣ ዝናብ ጠብቃችሁ ብትጨምሩ፣ ኪሎው እስካልቀነሰ ድረስ ቀመሩ ምንም ለውጥ የለም ይልሻል። እናንተ የሰራችሁት ስራ ደግሞ ዋናው እሱ ነው፣ አይደል? የእሱን ፍሬ የምታገኚው ከትርፉ ሂሳብና ከአፈር ናይትሬቱ ነው። ዩሪያ ላይ ላዩን ተበትኖ ሳይሸፈን ሲቀር አሞኒያው ወደ አየር ይበናል፣ ሽታውን አፍንጫሽ ያውቀዋል፣ ስለዚህ የተጨመረበትን ቀን፣ የተሸፈነበትን ሰአትና የዝናብ መለኪያውን ንባብ መመዝገብ ብቻ ብዙ ያስረዳል። ከተገዛ ነገር እኔ የማውቀው ጥሩው እቃ የዝናብ መለኪያው ነው፣ በቃ።

የአፈር አሲድነትም አለ፣ አሞኒየም ያለው ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ፒኤች ያወርዳል፣ ግን ይሄ በሁለት አዝመራ ስለማይታይ በየሶስት አራት አመቱ በዛው ወቅትና በዛው ጥልቀት መለካት ይበቃል።

እህቴ፣ እስቲ ሁለት ነገር መልሺልኝ፦ ያለፉት ሁለት አዝመራዎች ምርት በማሳ ተለይቶ ተመዝኗል ወይስ የመጋዘን ድምር ብቻ ነው ያላችሁ? ከማሳው በታች የሚፈስ ቦይ ወይ ወንዝ አለ? የመጋዘን ድምር ብቻ ከሆነ ወደ ኋላ መሄድ ከባድ ነው፣ ከሚመጣው ዘር ጊዜ ሶስቱን መስመር ጀምሩ። በማሳ የተመዘነ ካለ ግን ኤክሴሉን እዚህ ላኪው፣ የሁለቱን አመት ሂሳብ አብረን እንሰራዋለን።