«ጃን» ከየት መጣ? ከጃንጥራር እስከ ጃንጥላ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እኛ አምባሰሎች የጥንት ገዥዎቻችንን «ጃንጥራር» እያልን እናነሣቸዋለን። በስሙ መነሻ ላይ ያለውን «ጃን» አንዳንድ ሽማግሌዎች ዝሆን ማለት ነው ሲሉ፣ ቁርኣን የቀሩ ወዳጆቼ ደግሞ «ጂን» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ያገናኙታል። የትኛውን እንቀበል? ጃንጥላና ጃንደረባስ የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው? (አንባቢያችሁ፣ ከውጫሌ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ «ጃን» በጥንቱ የቤተ መንግሥት አማርኛ ንጉሥን የሚያመለክት ቃል ነው። ለብቻው መነገሩ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ በሚገኝበት ቦታ ነገሩ የንጉሥ ወይም ለንጉሥ የተለየ መሆኑን ይናገራል። ጃንሜዳ የንጉሥ ሜዳ ነው፤ ጃንጥላም፣ ዛሬ ማንም ሰው ለዝናብና ለፀሐይ የሚይዘው ዕቃ ቢሆንም፣ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው፤ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖም የነገሥታትና የመኳንንት ልብስ ነበር። ጃንደረባ በመጀመሪያ በቤተ መንግሥት የሚያገለግለውን ስልብ ሰው ይጠራል፤ ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው የህንደኬ ጃንደረባ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ስለነበረ፣ ቃሉን በሰማን ጊዜ ታማኝ ባለሥልጣንንም ማሰብ ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ ትርጉሙን የሚያጸናልን ግን «ጃንሆይ» ነው። «ሆይ» የመጥሪያ ቃል በመሆኑ አባባሉ «ንጉሥ ሆይ» ከማለት አይለይም፤ ይሁን እንጂ ባለጉዳይ በንጉሥ ፊት ቆሞ የሚጣራበት ይህ ቃል ቀስ በቀስ የንጉሡ መጠሪያ ሆነና «ጃንሆይ መጡ፣ ጃንሆይ አዘዙ» ይባል ጀመር። ዛሬም «በጃንሆይ ጊዜ» የሚል አዛውንት ሲገጥመን፣ ከ1923 እስከ 1967 ዓ.ም. የነገሡትን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ማለቱ እንደሆነ ማንም አይስተውም።

ወደ ጃንጥራር ስንመለስ፣ ማዕርጉ ለአምባሰል ገዥዎች የተለየ ነበር። በመጨረሻው ዘመን ከያዙት መካከል በይበልጥ የሚታወቁት የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ናቸው። እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ የንጉሥ ወንዶች ልጆች ተጠብቀው ይኖሩባት የነበረችው አምባ ግሸን በዚያው በአምባሰል ስለምትገኝ፣ ንጉሥ የሚል ቃል ያለበት ማዕርግ በዚያ አገር መጽናቱ ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም።

የወዳጆችዎን ሐሳብ ግን አልቀበለውም። «ጃን» የሚል ቃል በዐረብኛ፣ በቁርኣንም ጭምር፣ ጂንን ለማለት መግባቱ እውነት ነው፤ ሥሩም መሰወርን፣ ከዓይን መሸሸግን ያመለክታል። ጃንሜዳም ሆነ ጃንጥላ ግን በዚህ ትርጉም ሊፈቱ አይችሉም፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ደግሞ ዝምድናን አያስረዳም። የሽማግሌዎቹ አነጋገር ከዚህ ይሻላል፤ ዝሆን በግዕዝ «ነጌ» ስለሚባል አማርኛው ከሌላ ምንጭ መምጣቱ ግልጽ ነው፤ የ«ዘ» ወደ «ዠ» መለወጥም በቋንቋችን የተለመደ ነው። ንጉሥን በግርማው ከዝሆን ጋር ማመሳሰልም ያለ ነገር ነውና ሐሳቡን አልንቀውም። «ዳኛ» ከሚለው የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህ የ«ደ»ን ወደ «ጀ» መለወጥ በምስክርነት ይጠቅሳሉ። ሆኖም ይህ ለውጥ በ«ነጂ» እና በ«ወዳጅ» የታየው ከ«ደ» በኋላ በመጣው የ«ኢ» ድምፅ ምክንያት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ለሌለበት ለ«ጃን» በቂ ማስረጃ አይሆንም።

አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ «ቄስ ዮሐንስ» ያሉት «ጃን» የሚለውን ሰምተው፣ በቋንቋቸው ዮሐንስን ከሚጠሩበት «ጆን»ና «ዣን» ጋር ስለተመሳሰለባቸው ነው የሚለው ወሬም በብዙ ቦታ ስለሚነገር እግረ መንገዴን ላንሣው። በሩቅ አገር ቄስ ዮሐንስ የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ አለ የሚለው አፈ ታሪክ በአውሮፓ የተሰማው በ12ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ንጉሡ ይፈለግ የነበረው በእስያ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ የዞረው ኋላ ነው። ስለዚህ ስሙ ከእኛ ቃል ሊወለድ አይችልም፤ ምናልባት የድምፁ መመሳሰል ኋላ እምነታቸውን አጽንቶት ይሆናል።

በመጨረሻም፣ በድሮ ጽሑፎች «ዣንጥራር»፣ «ዣንሆይ»፣ «ዣንጥላ» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙ ሌላ ቃል አይምሰልዎ፤ «ዠ» እና «ጀ» በዚህ ቃል ላይ ሲፈራረቁ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው።