«ጃፓን ልሠራ ነው፤ አገሩንም ማየት እፈልጋለሁ»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። የጃፓንኛውንም የሙያውንም ፈተና አልፌ በ«ቶኩቴይ ጊኖ» (የባለሙያ ሠራተኛ) ቪዛ ሃማማትሱ ከተማ ብረታ ብረት ፋብሪካ ልገባ ነው። ሦስት ነገር ያሳስበኛል። ደሞዙ ኮንትራቱ ላይ ጥሩ ነው፤ እጄ የሚገባው ግን ምን ያህል ነው? ሥራውንስ እንዴት ነው የሚያስተምሩት? ይጮኹብሃል ይሉኛል። ሦስተኛ፣ ሰው ሁሉ «ለሥራ ነው የምትሄደው፣ ሽርሽሩን እርሳው» ይለኛል። እኔ ኪዮቶንና ሂሮሺማን ሳላይ መመለስ አልፈልግም። ይቻላል?
ሻንጣ አዘጋጁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ከመጨረሻው ልጀምር። ይቻላል። ግን ማንም መጥቶ «ፈቃድ ውሰድ» አይልህም። እኔ እዚያው ሃማማትሱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። የዓመት ፈቃዳቸውን ሳይነኩ ያቃጠሉ ልጆች አውቃለሁ። የከለከላቸው የለም። «ጃፓኖቹ ራሳቸው አይወስዱም» ብለው አፍረው ነው።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። ስድስት ወር ሠርተህ፣ ከሥራ ቀኖችህ 80 በመቶውን ከተገኘህ 10 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለህ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አሠሪህ ከእነዚያ ውስጥ ቢያንስ 5ቱን ቀን እንድታርፍ የማድረግ ግዴታ አለበት። ቀኑን ቀደም አድርገህ ጠይቅ። ሥራ የሚበዛበትን ሳምንት አትምረጥ። ስትመለስ ከሄድክበት ከተማ አንድ ሳጥን ብስኩት ገዝተህ ለክፍሉ ሰው አድል። ኦሚያጌ ይሉታል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ለሁለተኛው ፈቃድ ስትመጣ ፊት የሚያጠቁርብህ አይኖርም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከደሞዝህ ላይ የገቢ ግብር፣ የጤና መድን፣ የሥራ አጥነት መድንና ጡረታ ይቆረጣል። ጡረታው ከባዱ ነው፤ 9.15 በመቶ ነው፤ አሠሪህም ያንኑ ያህል ይከፍልልሃል። የዶርም ኪራይና መብራት ከዚያው ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ የኮንትራቱን ቁጥር ተወውና «ቴዶሪ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። እጅ የሚገባው ማለት ነው። አሁኑኑ፣ ሳትሳፈር ጠይቃቸው።

ሰው የሚደነግጠው ግን በሁለተኛው ዓመት ነው። ጁሚንዜ የሚባል የነዋሪነት ግብር አለ። የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ስለሆነ አዲስ የመጣን ሰው መጀመሪያ ላይ አይነካውም። ከዚያ አንድ ጁን ላይ ከደሞዝህ መቀነስ ይጀምራል። «ደሞዜን በሉብኝ» ብሎ ከቢሮ ሰዎች ጋር የተጣላ ልጅ አይቻለሁ። ምስኪን፣ የበላው አልነበረም። አንተ የመጀመሪያው ዓመት ደሞዝ ላይ ተመሥርተህ ለቤተሰብ በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ ብለህ ቃል አትግባ።

ጡረታው በዚያው አይቀርም። ቢያንስ 6 ወር ከፍለህ አገሩን ጠቅልለህ ስትወጣ፣ በ2 ዓመት ውስጥ ካመለከትክ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ተመላሽ አለ። ስሌቱ ከ5 ዓመት በላይ አይሄድም። ከዚያ ላይ 20.42 በመቶ ግብር ይቆርጣሉ። እሱንም ጃፓን ውስጥ የግብር ወኪል አድርገህ የወከልከው ሰው ካለ ሊያስመልስልህ ይችላል። ይህንንም ማንም አስታውሶ አይነግርህም፤ የጡረታ ቁጥርህን በደንብ ያዝ። ልትወጣ ስትል ደግሞ «የባንክ ካርድህን ሽጥልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ወንጀል ነው፤ ዞር በልልኝ በለው።

ኦቨርታይም 25 በመቶ ጭማሪ አለው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ለሚሠራ ደግሞ የሌሊቱ 25 በመቶ ይታከላል። የሠራኸውን ሰዓት በራስህ ደብተር ጻፍ፤ ከደሞዝ ወረቀቱ ጋር አስተያይ። ካልገጠመ በትህትና ጠይቅ። መልስ ካጣህ የሥራ ደረጃዎች ተቆጣጣሪ ቢሮ አለ፤ ሮዶ ኪጁን ካንቶኩሾ ይባላል፤ የውጭ ዜጋም አቤት ይላል።

ሥልጠናውን ፋብሪካ ከሚሠሩት የዶርም ጓደኞቼ የሰማሁትን ልንገርህ። ጠዋት አጭር ስብሰባ አለ። ብዙ ቦታ በሬዲዮ ሙዚቃ የሰውነት ማፍታቻ ይሠራል፤ አትሳቅ፣ በሳምንትህ ትለምደዋለህ። ካይዘንና አምስቱ «ማ»ዎች የሚባሉትን፣ ሥራን የማሻሻልና የሥራ ቦታን የማደራጀት ዘዴዎች፣ ሰምተሃቸው ይሆናል። እዚያ ወለሉ ላይ የተሰመረ መስመር ሆነው ነው የምታገኛቸው። አንድ ቁልፍ ከቦታው ከታጣ እስኪገኝ ይፈለጋል። ማሽኑ እንግዳ ድምፅ ካሰማ ደንቡ ሦስት ነው፤ አቁም፣ ጥራ፣ ጠብቅ። ጎበዝ ነኝ ብለህ ራስህ ልትጠግነው አትግባ። ለአገራችን ልጅ «ጠብቅ» የሚለው ነው የሚከብደው። አለቃህ ትንሿን ነገር ሁሉ እንድትነግረው ይጠብቃል፤ ዝም ያለ ሠራተኛ ያሳስባቸዋል።

ይጮኻሉ ወይ? ፕሬስ ማሽን ስር እጅህን ብትሰድ አዎ፣ ይጮኻሉ። ስለ ጣትህ ነው። ስድብና ምት ግን ሥልጠና አይደለም፤ አትቻለው። የአንተ ቪዛ በዚያው የሥራ ዘርፍ ሌላ አሠሪ ለመፈለግ ይፈቅዳል። በሠልጣኝነት፣ ማለትም በ«ጊኖ ጂሹ» የገቡት በመሠረቱ ቦታ መቀየር አይችሉም። ያ ሥርዓት ከ1993 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከኤፕሪል 2027 በሌላ ይተካል። ፓስፖርትህን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ቢሉህ አትስጥ። የመኖሪያ ካርድህን ሁልጊዜ ይዘህ ውጣ፤ ግዴታ ነው። አድራሻህንም ቤት በገባህ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አስመዝግብ።

አሁን ጉዞው። ቱሪስቶች የሚገዙት የጄአር (የባቡር ድርጅቱ) ፓስ ለአንተ አይሸጥም፤ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ብቻ ነው። ለአንተ ያለው ሴይሹን 18 የሚባል ትኬት ነው። ስሙ 18 ቢልም የዕድሜ ገደብ የለውም። በጄአር ተራ ባቡር ብቻ፣ ፈጣኑን ባቡር ሺንካንሰንን ሳይጨምር፣ አገሩን ሁሉ ያስኬድሃል። ለተከታታይ 3 ቀን 10,000 የን፣ ለተከታታይ 5 ቀን 12,050 የን ነው። የሚሠራው በፀደይ፣ በበጋና በዘመን መለወጫ አካባቢ ብቻ ነው። ጎልደን ዊክ የሚባለውን የሜይ መጀመሪያ የበዓል ሳምንት አይነካም። ያኔ ሆቴሉም እሳት ስለሆነ ዶርምህ ብትተኛ አልፈርድብህም። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚዘጉት ለኦቦን (የሙታን መታሰቢያ በዓል) በኦገስት አጋማሽና ለአዲስ ዓመት ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ትኬቱ ይሠራል። ኦገስት ላይ ግን ውሃ ሳትይዝ አትውጣ። በ2020 ሃማማትሱ 41.1 ዲግሪ ደርሳ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ተጋርታ ነበር።

ከሃማማትሱ ቶዮሃሺ፣ ኦጋኪና ማይባራ ላይ እየቀየርክ አራት ሰዓት ያህል ተጉዘህ ኪዮቶ ትገባለህ። ፉሺሚ ኢናሪ የሚባለው ቤተ መቅደስ በነፃ ነው፤ በር የለውም፤ ጎህ ሲቀድ ሂድ። ረፋዱ ላይ ሰው ለሰው ትጋፋለህ። ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ኪንካኩጂን ብትተወው አይቆጭህም፤ ከፖስት ካርዱ የተለየ ነገር አይሰጥህም። ይልቅ ናራ ሂድና የቶዳይጂን ትልቅ ቡድሃ እይ። ናራ ላይ አጋዘኖቹ ወረቀት ይበላሉና ትኬትህን ኪስህ ውስጥ ክተት።

ሂሮሺማ በተራ ባቡር ከኪዮቶ ቀኑን ይጨርሳል። የአቶም ቦምቡ መታሰቢያ ሙዚየም 200 የን ነው። ጠዋት ግባ፤ ከሚንጫጫ ጓደኛ ጋር አትግባ። ልጆች የለበሱት የተቃጠለ ልብስ አለ። ከሰዓት ሌላ ነገር አታቅድ። በማግስቱ ሚያጂማ ደሴት ተሻገር፤ የጄአሩ ጀልባ በትኬትህ ይሠራል፤ የጎብኚ ቀረጥ 100 የን ብቻ ትከፍላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ «አበበ!» ይሉ ነበር። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ልጆች ነበሩ። ማራቶኑ የዞረበት ቦታ ቾፉ ከተማ፣ ኮሹ ካይዶ መንገድ ዳር ምልክት ተተክሎበታል። ቶኪዮ ከሄድክ ቶቢታክዩ ጣቢያ ውረድ፣ በእግር ይደረሳል። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ ከናፈቀህ ደግሞ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነው የምታገኘው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኦሳካ ጃፓንኛ እየተማርኩ በትርፍ ሰዓቴ እሠራለሁ። ጾም ላይ ምን እንደምበላ ግራ ገባኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ኦንሰን (ፍል ውሃ መታጠቢያ) እንሂድ ይሉኛል። አንገቴ ላይ የመስቀል ንቅሳት አለኝ፤ ያስገቡኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጾሙ ጥያቄ የሚፈታው ዳሺ የሚባለውን የመረቅ መሠረት ካወቅሽ ነው። ሚሶ ሾርባው፣ የሶባና የኡዶኑ (የፓስታ ዓይነቶች) መረቅ፣ ናቶ ከሚባለው የፈላ አኩሪ አተር ጋር የሚመጣው ማጣፈጫ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተሠራ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቻለሁ። የማትበዪ ከሆነ ባዶ የጨው ኦኒጊሪ (የሩዝ ጥቅል)፣ ቶፉ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንችና ኤዳማሜ (ለጋ አኩሪ አተር) አለልሽ። ከቻልሽ ደግሞ ከኦሳካ ወደ ኮያ ተራራ ሂጂ። የቡድሃ ገዳሞቹ እንግዳ ያሳድራሉ፤ የሚያቀርቡት የመነኮሳት ምግብ ሥጋም ዓሣም የለውም። የምሥር ወጥ አይተካም፤ ግን ትጠግቢያለሽ።

ንቅሳቱ ላይ ብዙ ኦንሰን አያስገባሽም። ንቅሳትን ከወሮበላ ቡድኖች ጋር ስለሚያያይዙት ነው፤ መስቀል ነው ብለሽ ብታስረጂም በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ደንቡን አትቀይርልሽም። ትንሽ ከሆነ በቆዳ ቀለም ፕላስተር መሸፈን የሚፈቅዱ አሉ። ካልሆነ ኪኖሳኪ የሚባለው የፍል ውሃ ከተማ ሂጂ። ከኦሳካ ባቡር አለ፤ የሕዝብ መታጠቢያዎቹ ንቅሳት ያለውን ይቀበላሉ። የዋና ልብስ አይፈቀድም፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፤ መጀመሪያ ተቀምጠሽ ታጥበሽ ነው የሚገባው። ካፈርሽ «ካሺኪሪ» የሚባለውን የግል መታጠቢያ የሚያከራይ ማረፊያ ፈልጊ።