የፊቼን ቀን ከአምናው አትቁጠሪ

እህቴ፣ «ከአዳማ ወደ ዲላ ስንጓዝ ሐዋሳ አንድ ሌሊት አድረን ከልጆቻችን ጋር የሲዳማን ባህላዊ ሙዚቃ በደንብ ለመስማት መቼ እንሂድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ በዚያው መንገድ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። መንገዱን ታውቂዋለሽና አልመለስበትም።

1. የምሽት ቤቶችን እርሺያቸው። ሐዋሳ ደርሶ መሰማት ያለበት ዜማ የሚገኘው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ በዓሉ በሚከበርበት የሐዋሳው ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውም ያለ ምክንያት አይደለም።

2. ሆቴል ከመያዝሽ በፊት ቀኑን አረጋግጪ። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ነው። ፊቼ እንደ እንቁጣጣሽ ቀኑ የታወቀ በዓል አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ አይተው በየዓመቱ ያውጁታል። የሲዳማ ሳምንትም አራት ቀን ስለሆነ ከእኛ ሳምንት ጋር አይገጥምም። እኔ ግን የአምናውን ቀን ቆጥሬ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፤ የሁለት ሌሊት 6,400 ብርም አስቀድሜ ለሆቴል ከፈልኩ። ጉዱማሌ ስንደርስ ሜዳው ጭር ብሏል። ትንሿ ልጄ እጄን ይዛ «አባዬ፣ ዘፋኞቹ የታሉ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ላጣራ ብዬ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ማስታወቂያ ሲወጣ ታያለህ» አለኝ። የት እንደሚወጣ ብጠይቀው በእጁ በሩን አሳየኝ። ባህሉን አክብሮ ከአዳማ ድረስ ልጆቹን ይዞ የመጣ እንግዳ እንዲህ ይሸኛል? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሆቴሉም ቀኑን ቀይሩልኝ ብል አሻፈረኝ አለ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ።

ቀኑን የነገረችኝ በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የምትጠብስ እናት ናት። ቆሮሶውን በዘይቱ ውስጥ እያገላበጠች፣ «ገና አሥራ አንድ ቀን አለው፤ ተመልሰህ ና፤ ቤቴ ትበላለህ» አለችኝ።

ተመለስኩ። ባለቤቴ ሁለተኛ ነዳጅ ማቃጠል እብደት ነው ብላ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጎረቤት የምታወራው እሷው ናት። በዋዜማው ሴትዮዋ ቤቷ አስገብታን ከቤተሰቧ ጋር ሻፌታ በሚባለው አንድ የሸክላ ገበታ ዙሪያ አስቀመጠችን፤ በቅቤ የራሰውን የእንሰት ቡርሳሜ ከወተት ጋር በላን። ሐዋሳ አልጋ ስለጠፋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሰን ሻሸመኔ አደርን።

በማግስቱ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ የሚባለው የኅብረት ዜማና ጭፈራ ሲጀመር የሆነውን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጎልማሶቹ ከኋላ ተሰልፈው መጡ። አንዱ ሲያወጣ መቶዎቹ ይቀበላሉ፤ እግራቸው በአንድነት መሬቱን ሲመታ ንዝረቱ በጫማዬ ሶል በኩል ይሰማኝ ነበር። ከበሮ አልፈለጉም። ያን ድምፅ ቀርጬ ይዤዋለሁ፤ ነገር ግን ከስልክ ሲወጣ ግማሹ የለም። ልጄ መጀመሪያ ከኋላዬ ተደበቀች፤ ጥቂት ቆይታ ከሴቶቹ ጭፈራ መሐል አገኘኋት፤ «አይዴ ጨምበላላ» የሚለውን የበዓሉን ሰላምታም ለምዳለች።

ስለዚህ አያንቶዎቹ ቀኑን ማወጃቸው በዜና ሲነገር፣ በዚያው ዕለት ሆቴል ደውዪ። ቀን መቀየር እንደሚቻል በጽሑፍ ካልሰጡሽ ብር እንዳትልኪ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ አልጋ ይጠፋል፤ ለሙዚቃው ብለሽ በእነዚያ ቀናት አትሂጂ። መኪናሽን ከጉዱማሌ ራቅ አድርገሽ አቁሚና በማለዳ በእግር ግቢ፤ ለልጆቹ ኮፍያ ያዢላቸው።