የኮርሳ ብስክሌት ባለቤቶች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እትም የኮርሳ ብስክሌት ያላቸው አንባቢዎቻችን ስለ ብስክሌታቸው እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በፍሬሙ ስምና በክብደቱ ሲሆን፣ የጎማቸውን ስፋት፣ የማርሻቸውን ጥርስ ብዛትና የኮርቻቸውን ከፍታ የጠቀሱልን ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ብስክሌት ከባለቤቱ ጋር መስማማት አለመስማማቱን የምረዳው በአብዛኛው ከእነዚህ ከተዘለሉት ቁጥሮች ስለሆነ፣ ለዛሬ በመረጥኳቸው ጥያቄዎች ላይ ደጋግሜ ወደ እነርሱ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን የተረከብኩት ከአባቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ የብረት ኮርሳ ሲሆን፣ ፍሬሙ ላይ «ሬይኖልድስ 531» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ከፊት 52 እና 42፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ 24 ጥርስ የሆነ ማርሽ አለው። ስመዝነው 10 ኪሎ ግራም ሆነ። አብረውኝ የሚነዱት ጓደኞቼ በሙሉ 8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ የካርቦን ብስክሌቶች ስላሏቸው ዳገት ላይ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ሸጬው ካርቦን ብገዛ አይሻልም?

መልስ፦ የማርሽዎን ጥርስ ቆጥረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። አስቀድመን ግን የ2 ኪሎ ግራሙን ልዩነት እናስላው። ክብደትዎ 75 ኪሎ ግራም ነው ብንል ከነብስክሌትዎ 85፣ በጓደኛዎ ብስክሌት ላይ ሲቀመጡ ደግሞ 83 ይሆናሉ። ዳገት ላይ ጉልበታችን በአብዛኛው የሚውለው ይህን ክብደት ወደ ላይ ለማውጣት በመሆኑ ልዩነቱ ከመቶ 2.4 ገደማ ነው፤ 1 ሰዓት ሙሉ በሚፈጅ ዳገት ላይ እንኳ ትርፉ ከ1 ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። ሜዳ ላይ ዋናው ተቃዋሚያችን አየር ስለሆነ ልዩነቱ ጭራሽ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ጓደኞችዎ ከዚህ በላይ የሚቀድሙዎት ከሆነ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም።

አሁን ወደ ማርሹ እንምጣ። 42ን ለ24 ስናካፍል 1.75 እናገኛለን፤ ይህም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ከሦስት ሩብ ይዞራል ማለት ነው። የኮርሳ ጎማ ዙሪያው 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በደቂቃ 70 ጊዜ ለማዞር ከፈለጉ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ግድ ይሆንብዎታል። በ100 ሜትር 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በዚህ ፍጥነት ለመውጣት፣ አየሩንና የጎማውን ተቃውሞ ሳንቆጥር፣ ወደ 285 ዋት ኃይል ያስፈልጋል። ከኋላ 28 ጥርስ፣ ከፊት ደግሞ 34 ጥርስ ቢኖርዎ ግን በዚያው የእግር ዙር በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር በታች ይሄዱና 200 ዋት ገደማ ይበቃዎታል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጠንካራ ተወዳዳሪን ከአዘውታሪ ጋላቢ የሚለይ ነው። በአሁኑ ማርሽ ምርጫ ስለሌለዎት ፔዳሉን በደቂቃ 45 እና 50 ጊዜ እየረገጡ ይወጣሉ፤ ጭኑ ቶሎ ይዝላል፣ ጉልበት መገጣጠሚያውም ይጎዳል። የጓደኞችዎ ብስክሌቶች አዳዲስ ከሆኑ ከፊት 34፣ ከኋላ 30 ወይም 34 ጥርስ ሳይኖራቸው አይቀርም። የሚቀድሙዎት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከሽያጩ በፊት ማርሹን ያስለውጡ። የኋላውን ትልቅ ጥርስ ወደ 28 ማሳደግ ቀላል ነው፤ ማርሽ መቀየሪያው ይህን ያህል ጥርስ መሸከም መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል። የፊቱን ወደ 34 ለማውረድ ደግሞ የፔዳሉን ክንድ ጨምሮ መለወጥ ያስፈልግ ይሆናል። ዘመናዊ የኋላ ቸርኬ ለመግጠም ካሰቡ፣ የኋላው ሹካ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። በዚያ ዘመን ከኋላ 6 እና 7 ማርሽ ለነበራቸው ብስክሌቶች የተለመደው 126 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡት በጠርዝ ፍሬን የሚሠሩ ቸርኬዎች 130 ይፈልጋሉ። ብረት በጥንቃቄ ሲገፋ ቅርጹን ስለሚይዝ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን 4 ሚሊ ሜትር ሊያሰፋው ይችላል። በአሉሚኒየምም ሆነ በካርቦን ላይ ግን ፈጽሞ መሞከር የሌለበት ሥራ ነው።

ስለ ፍሬሙ ራሱም አንድ ነገር ልጨምር። 531 እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ የማንጋኒዝና የሞሊብዲነም ቅይጥ ብረት ነው። ቧንቧዎቹ በብየዳው አካባቢ ወፈር፣ መሃል ላይ ሳሳ እንዲሉ ተደርገው የሚሠሩ በመሆናቸው ለአሥርት ዓመታት የታላላቅ ውድድሮች ምርጫ ሆነው ኖረዋል። እንዲህ ያለ ፍሬም ከዝገት ከተጠበቀ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። የኮርቻውን ምሰሶ አሁኑኑ ይንቀሉት፤ የአሉሚኒየም ምሰሶ በብረት ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት ሳይነካ ከቆየ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ እየተበላሉ ይጣበቃሉ፣ በኋላም ያለ መጋዝ አይላቀቁም። ከወጣልዎ ጠርገው፣ ግሪስ ቀብተው ይመልሱት፤ ይህንንም በዓመት አንድ ጊዜ ይድገሙት። የአባትዎን ብስክሌት እንዳይሸጡት እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ብስክሌት የአሉሚኒየም ነው። 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ላይ 8 ባር አየር እሞላለሁ፤ ጎማው ሲጠነክር ፈጣን እንደሚሆን ነበር የተማርኩት። ሸካራ መንገድ ላይ ግን እጄ ይደነዝዛል። በ28 ሚሊ ሜትር ጎማ 5 ባር ብቻ ሞልቶ የሚነዳ ጓደኛዬ ደግሞ ምንም አይለየኝም። አሉሚኒየም ስለሆነ ነው? ወይስ ጎማው?

መልስ፦ በአመዛኙ ጎማው ነው። የአሉሚኒየም ግትርነት ከብረት ሲሶ ያህል በመሆኑ ሠሪዎች ቧንቧውን ያወፍሩታል፤ ወፍራም ቧንቧ ደግሞ ፍሬሙን ድርቅ ያደርገዋል የሚባለው እውነትነት አለው። ነገር ግን ማንኛውም ፍሬም ወደ ላይና ወደ ታች የሚተጣጠፈው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን፣ ጎማ ግን በብዙ ሚሊ ሜትር ይጨመቃል። በመንገዱና በእጅዎ መካከል ያለው ትልቁ ትራስ አየሩ ነው፤ እርስዎ ደግሞ 8 ባር ሞልተው ትራሱን ወደ ድንጋይ ለውጠውታል።

የተማሩት ነገር የመጣው ጎማ በሚሞከርበት ለስላሳ ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ከተደረጉ ልኬቶች ነው። እንደ መስታወት በለሰለሰ ነገር ላይ ግፊት ሲጨምር ጎማው እምብዛም ስለማይታጠፍ የሚባክነው ጉልበት በእርግጥ ይቀንሳል። እውነተኛ መንገድ ላይ ግን ሌላ ብክነት ይመጣል፤ ጠንካራ ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር በመዋጥ ፈንታ ብስክሌቱንና ሰውየውን አንስቶ ይጥላል፣ ሰውነታችንም ሲናጥ ወደፊት ሊገፋን የሚገባው ጉልበት በጡንቻችን ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሰፊ ጎማ ሌላም ብልጫ አለው። በእኩል ግፊት ላይ መሬቱን የሚነካበት ቦታ አጭርና ሰፊ ስለሚሆን ጎኑ የሚታጠፈው በጥቂቱ ነው። ዛሬ ተወዳዳሪዎች ጭምር 28 እና ከዚያ በላይ የሚመርጡት ለምቾት ብቻ ብለው አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት ብስክሌትዎ ምን ያህል ስፋት እንደሚቀበል ይመልከቱ። ጎማው ከፍሬሙ፣ ከፊት ሹካውና ከፍሬኑ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፤ በጎማው ላይ የተጻፈው 28 ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ 30 ሊደርስ እንደሚችልም አይዘንጉ። ብዙ የቆዩ የአሉሚኒየም ፍሬሞች ከ25 በላይ አይቀበሉም። እንዲያ ከሆነ 25ን ይግጠሙና ክብደትዎ 75 ኪሎ ግራም አካባቢ ከሆነ ከ6 ባር ጀምረው ይሞክሩ። 28 የሚገባልዎ ከሆነ ከ5 ባር ይነሱ። ከክብደታችን የሚበልጠው ድርሻ የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ስለሆነ የፊቱን በጥቂቱ ያሳንሱት። ግፊቱ ከልክ በላይ ሲወርድ የውስጥ ጎማው በቸርኬው ጠርዝና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ በሁለት ቦታ ይበሳል፤ ይህ ከገጠመዎት ግማሽ ባር ይጨምሩ። በመጨረሻም፣ ጎማውን የሚይዝ ከንፈር የሌላቸው አዳዲስ ቸርኬዎች ከ5 ባር በላይ እንዳይሞሉ የተከለከለ መሆኑን ሰፊ ቸርኬ የገዛችሁ ሁሉ እንድታስታውሱ አደራ እላለሁ፤ ከዚህ ካለፈ ጎማው በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ለአንድ ቀን ብስክሌት ተቀያየርን። የእርሱ በጣም ተመቸኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የራሴን አልወደድኩትም። የተሻለ ብስክሌት ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ሁለቱን ብስክሌቶች ጎን ለጎን አቁማችሁ በሜትር እስክትለኩ ድረስ አትፍረዱ። መጀመሪያ የፔዳሎቹ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ባዶ እግርዎን ከግድግዳ ተጠግተው ቆመው ከወለሉ እስከ ጭንዎ መገናኛ ያለውን ቁመት ወስደው በ0.883 ያባዙ። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካዊው የብስክሌት ተወዳዳሪ በግሬግ ለሞንድ በኩል የታወቀ ሲሆን፣ እስከ ጭን መገናኛው ያለው ቁመት 82 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 72.4 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ለሁሉም ሰው ልክክ ይላል ማለት ባይሆንም ጥሩ መነሻ ነው። ቀጥሎ ከኮርቻው ጫፍ እስከ መሪው ያለውን ርቀት፣ መሪው ከኮርቻው የሚያንስበትንም ከፍታ ያወዳድሩ። ብዙ ጊዜ የምናገኘው የጓደኛችን መሪ 2 ሴንቲ ሜትር ቀርቦና ከፍ ብሎ ነው፤ ይህን ደግሞ መሪውን የሚይዘውን አንገት በመለወጥ በራሳችን ብስክሌት ላይ ልናደርገው እንችላለን። ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትለውጡ፤ ሰውነት ለመልመድ ጥቂት ጉዞ ይፈልጋል። የጉልበት ፊት ሕመም ብዙ ጊዜ ዝቅ ካለ ኮርቻ፣ ከጉልበት ጀርባ የሚሰማው ደግሞ ከፍ ካለ ኮርቻ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቴን ሁልጊዜ አጸዳለሁ፤ ዘይትም አይጎድለውም። ሆኖም ትናንሾቹ ጥርሶች ላይ ሲሆን ይዘላል። ሰንሰለት ይለጠጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ብረቱ አይለጠጥም፤ የሚበላው ፒኑና ፒኑ የሚያርፍበት ቀዳዳ ነው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 ክፍተቶች 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሰንሰለቱን ወጠር አድርገው ይለኩና 306.3 ሲደርስ፣ ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ካለዎት፣ ይለውጡት፤ ከዚያ ያነሰ ማርሽ ላላቸው ብስክሌቶች እስከ 307 መጠበቅ ይቻላል። በጊዜው ያልተለወጠ ሰንሰለት ጥርሶቹን በራሱ ልክ ስለሚበላቸው የእርስዎ ምናልባት አዲስ ሰንሰለት ቢገባም መዝለሉ አይቀርም፤ እንዲያ ከሆነ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ይለወጣሉ።

ጥያቄ፦ በካርቦን ብስክሌቴ ወደቅሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፍሬሙ ላይ ግን ጥፍር የምታህል ጭረት አለች። ልሸጠው ስለሆነ ገዢውን ማሳሰብ አለብኝ ወይ?

መልስ፦ አዎን፣ ያለ ጥርጥር። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ዓይንም ያየዋል፤ የካርቦን ንጣፎች ግን ቀለሙ ብዙም ሳይነካ ከውስጥ ሊላቀቁ ይችላሉ። በጭረቱ ዙሪያ በሳንቲም ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉ። በጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ፣ በተጎዳው ቦታ ደግሞ የታፈነ ድምፅ ከሰሙ ወይም በጣትዎ ሲጫኑ የሚሰረጉድ ከመሰለዎት ብስክሌቱን መንዳት ያቁሙ። ድምፁ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ ይህ ፈተና ለማረጋገጫ አይበቃም፤ በአልትራሳውንድ የሚመረምር ባለሙያ ቢያየው ይሻላል። የተሰነጠቀ ካርቦን ሊጠገን ስለሚችል ጉዳት ተገኘ ማለት ፍሬሙ ተጣለ ማለት አይደለም። የፊት ሹካውንና መሪውን ግን ለብቻቸው ይመርምሩ፤ እነርሱ በድንገት ከተሰበሩ ጋላቢው ራሱን የሚያድንበት ፋታ የለውም። ለገዢው የወደቁበትን ቀን፣ የጭረቱን ፎቶግራፍና የባለሙያውን የምርመራ ውጤት አብረው ይስጡት።