የእጅ ሥራ ጥያቄዎች፦ የቀለጠው ጥሩር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የዓመት መዝጊያ ዝግጅት ከሌላ ፕላኔት የመጣ የጦር አዛዥ ሆኜ ለመቅረብ ጥሩር እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ደረቱን ከፍሪጅ ካርቶን ውስጥ በወጣ ነጭ ፎም ቀረጽኩት። ብርማ ቀለም ስነፋበት ግን ዓይኔ እያየ ቀለጠ፤ ወንፊት ሆነ። ቀጥሎ ሕፃናት የሚጫወቱበትን፣ ጠርዙ እንደ ጥርስ እየተሰካካ የሚያያዘውን የወለል ንጣፍ ገዛሁና በማስቲሽ አጣብቄ ከበራችን የተረፈውን የዘይት ቀለም ቀባሁት። ማስቲሹ ጠዋት ይይዝና ከሰዓት ይለቃል። ቀለሙም ክርኔን ባጠፍኩ ቁጥር እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። አባቴ «የሕፃን ጨዋታ» እያለ ይስቃል። ዝግጅቱ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አምስት ሳምንት ብዙ ጊዜ ነው፤ አትደንግጥ። እኔ በዚህችው ከተማ 27 ዓመት የጭነት መኪና ቀብቻለሁ። ጥሩር የሠራሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከእህቴ ልጅ ጋር ሲሆን ካቃናነው ያበላሸነው ይበልጣል። የምነግርህ ከሁለቱም የተማርኩትን ነው።

በአባትህ ልጀምር። በ1939 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ሲካሄድ ፎረስት አከርማን የተባለ የ22 ዓመት ወጣት የወደፊቱን ዘመን ልብስ ለብሶ ገባ። የሰፋችለት ሚርትል ዳግላስ የምትባል ሴት ነበረች፤ እሷም የራሷን ለብሳ አብራው ነበረች። የአንተ ጨዋታ እንግዲህ የአባትህን ዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። ይህን ሰምቶም መሳቁን ካላቆመ የማስቲሹን ብሩሽ ስጠው፤ እጁ ሥራ የያዘ ሰው አይስቅም።

አሁን ወደ ቀለጠው እንምጣ። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ይባላል፤ 98 በመቶው አየር ነው። የቀረው በአረፋዎቹ መካከል ያለ ስስ ግድግዳ ነው። በሚነፋ ቀለም ውስጥ ቀለሙን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ያንን ግድግዳ ያሟሟዋል፤ ቤንዚንና ማስቲሽም እንደዚያው። ስለዚህ ፎምህ አልተቃጠለም፣ እንደ ስኳር ሟሟ። የተረፈ ቁራጭ ካለህ አትጣለው። በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሁለት ሦስት ዙር ሸፍነህ፣ ሲደርቅ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ቀባው፤ ለማይታጠፍ ጌጥ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ማንኛውንም ቀለምና ማጣበቂያ አስቀድመህ በቁራጭ ላይ ሞክር። እኔ የማላውቀውን ቀለም በኮፈን ላይ ሞክሬ አላውቅም፤ መጀመሪያ የሚቀባው የጋራዡ አሮጌ ቆርቆሮ ነው።

የወለል ንጣፉን መምረጥህ ግን ትክክል ነው። ኢቪኤ የሚሉት ነው፤ የብዙ ነጠላ ጫማና የስፖርት ጫማ ሶል ከዚሁ ዘር ነው። ለዚህም ነው የማጣበቁን ሥራ ከእኔ ይልቅ ጫማ ሰፊ የሚያስተምርህ። ሄደህ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቁጭ በል። ሶሉንም ጫማውንም ስስ አድርጎ ይቀባል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላ ጫማ ያነሳል፣ ከደንበኛ ጋር በዋጋ ይከራከራል፤ ከዚያ ተመልሶ በጣቱ ጀርባ ነካ ያደርገዋል። ሲጣበቅበት ይተወዋል። ሳይጣበቅበት ሲቀር ይገጥምና በመዶሻ ይመታል። ማስቲሽ የሚይዘው ሁለቱም ወገን ደርቆ ሲገናኝ ነው። አንተ ያደረግኸውን ሳላይ አውቀዋለሁ፦ አንዱን ጎን ብቻ ቀብተህ እርጥቡን ገጠምከው። የንጣፉ የተቆረጠ ጠርዝ የመጀመሪያውን ቅብ ስለሚጠጣው እሱን ሁለት ጊዜ ቀባው። ሁለቱ ጎኖች አንዴ ከተነካኩ ደግሞ ማንሸራተት የለም፤ ከአንድ ጫፍ ጀምረህ እየተጫንክ ሂድ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ትከሻ አጣሞ ገጥሞት ስንጎትተው ንጣፉ ተቀደደ እንጂ ማስቲሹ አልለቀቀም።

ምላጭህን አትቆጥብ። ይህ ንጣፍ ለስላሳ ቢመስልም ስለት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ምላጭ ደግሞ አይቆርጥም፣ ይቦጫጭቃል።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የክንድህ ዙሪያ 28 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 28 ቆርጠህ አትጠቅልል፤ ጠቦህ ታገኘዋለህ። ንጣፉ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ሲጠቀለል ውስጡ ይጨማደዳል፣ ውጪው ይለጠጣል፤ ልኩን የሚጠብቀው መሀሉ ነው። ስለዚህ ውፍረቱን በ3.14 አብዝተህ ትጨምራለህ፦ 28 የነበረው 31 ይሆናል። ከሥር ለምትለብሰው ልብስ ደግሞ ሌላ ሁለት ጨምር። ለደረቱ አሮጌ ካናቴራ ልበስና እናትህ ወይም ጓደኛህ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ይጠቅልሉህ፤ የምትፈልገውን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሥለህ በጥንቃቄ ቀድዳችሁ አውልቁት። ከዚያ የቀኙን ግማሽ ብቻ ወደ ካርቶን ገልብጥ፤ ግራውን ከእሱ ገልብጠህ ታወጣዋለህ። የሰው አካል ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ የፋብሪካ ሥራ የሚመስል ጥሩር ግን እኩል መሆን አለበት።

ሁሉም ሰው ጠፍጣፋ ንጣፍ ላይ ቀለም ለመቀባት ይቸኩላል። የአያቶቻችንን ጋሻ አስብ፦ ቆዳ ነው፣ ጎብጦ ስለደረቀ ግን አይጣጠፍም። ጥንካሬው ከጉብጠቱም ጭምር ነው። ንጣፉንም እንደዚያ አድርገው። በሙቅ አየር መንፊያ፣ ከሌለም መጠነኛ ሙቀት ባለው ካውያ፣ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ከመሀል አድርገህ አሙቀው። ገጹ ወዝ ሲያወጣ በድስት ወይም በትልቅ ጠርሙስ ላይ አጉብጠህ ያዘውና እስኪቀዘቅዝ አትልቀቀው። ሙቀቱ የንጣፉን ቀዳዳዎችም በከፊል ስለሚደፍን በኋላ የሚጠጣብህ ቀለም ይቀንሳል። ከሰል ላይ አታሙቀው፤ ከተቃጠለ ጭሱ መጥፎ ነው። እንደውም የትከሻህን ቅርጽ ከጋሻ ብትወስደው ደስ ይለኛል፤ ክቡ፣ መሀሉ የወጣው፣ በብር ጥብጣብ የተዋበው። ከሌላ ፕላኔት የሚመጣ ሁሉ የአሜሪካን ፊልም ያየ መሆን የለበትም።

የክርንህ መሰንጠቅ ጥፋቱ የቀለሙ ብቻ አይደለም፤ የአንተም ነው። ብረት ለባሽ ወታደር ክርኑን የሚያጥፈው ብረቱ ስለሚታጠፍ ሳይሆን እዚያ ጋ ብረቱ ስለሚቋረጥ ነው። የጥሩሩን ክንድ ክርኑ ላይ ለሁለት ቁረጠው። በመሀል አራት ጣት ያህል ክፍተት ተውና ከውስጥ ጥቁር ጨርቅ፣ ካሻህም የጎሚስታ ቤት ካላማዳሪያ አድርግበት። ካላማዳሪያ የሮቦት መገጣጠሚያ ይመስላል፤ ጎሚስታው የተቀደደውን በነፃ ይሰጥሃል። የዘይት ቀለም ደግሞ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እየጠነከረ የሚሄድ ነው፤ ለበር ጥሩ፣ ለሚለጠጥ ነገር መጥፎ። አንተ በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ያዝ። ከዚያ በፊት ግን የአናጢ ኮላ ከእኩል ውሃ ጋር በጥብጠህ አራት አምስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገህ ቀባ፤ እያንዳንዱ ይድረቅ። ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙን በሙሉ ንጣፉ ይጠጣበታል።

ስለ መንፋት አንድ ነገር ልንገርህ። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ በነፋስ ኃይል ማመንጫው ሁለተኛ ምዕራፍ ብቻ 102 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። አንድ ጊዜ የአንድ ደንበኛ ጋቢና ሰማያዊ ነፍቼ ልጨርስ ስል ነፋስ ተነሣ፤ ጋቢናው ጥሬ ሥጋ አሸዋ ላይ የወደቀ መሰለ። ሦስት ቀን በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ሳሽ ዋልኩ፤ ደንበኛውም ቆሞ ያየኝ ነበር። ስለዚህ ያን የፍሪጅ ካርቶን አምጣው። በጎኑ አጋድመህ አፉን ከነፋስ አዙርና ዕቃህን ውስጡ በገመድ አንጠልጥለህ ንፋ፤ ዙሪያውን መሬቱን ውሃ አርከፍክፍ። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለህ እጅህ ሳይቆም ይሂድ። ብርማውን በነጭ ላይ አትንፋ፤ መጀመሪያ ጥቁር ቀባ። ከሥሩ ጥቁር ያለው ብር ብረት ይመስላል፤ ነጭ ያለው የቸኮሌት መጠቅለያ ነው።

አሁን የምወደው ላይ ደረስን። ቀለምህ አምሮ ሲያልቅ ጥሩርህ ዛሬ ከሱቅ የወጣ መጫወቻ ይመስላል። ያ አዛዥ ስንት ጦርነት አይቶ የለም? ዋናው መንገድ ዳር ውጣና ከጅቡቲ የሚመጡትን መኪኖች እያቸው። ቀለማቸው የተላጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሾፌሩ የሚረግጠው መወጣጫ ላይ፣ እጁ በሚይዘው መያዣ ዙሪያ፣ የፓራውልቱ ማዕዘን ላይ ነው። ዝገቱ ከብሎኑ ጀምሮ ዝናቡ በሄደበት ወደ ታች ይወርዳል። የማርሚታው ጥላሸት ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፤ ወደ ፊት የሸሸ ጥላሸት ካየህ መኪናው ኖሮ ኖሮ ወደ ኋላ ብቻ ሲነዳ ነበር ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ጭረቱን ሁሉ ደረቱ መሀል ላይ ደረደረው። «ማን ነው እዚህ የቧጨረህ? ድመት?» አልኩት። አንተ ክንድህ ከጎንህ የሚፋተግበትን፣ የትከሻህን ጠርዝ፣ ጉልበትህን ምረጥ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆንጥረህ ብርማ ቀለም አስነካው፤ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ጥረግና በቀረው ጠርዞቹን ብቻ ነካ ነካ አድርግ። ለትልልቁ ልጣጭ የደረቀውን ብርማ በውሃ እርጥብ አድርገህ ጨው በተንበት፤ ሲደርቅ የላዩን ቀለም ንፋበትና ጨውን በብሩሽ አራግፈው፤ ጨው የነበረበት ብረት ሆኖ ይወጣል። በቀጭን የተበጠበጠ ጥቁርና ቡናማ ስንጥቆቹ ውስጥ አፍስሰህ ላዩን በጨርቅ ጥረግ። የእርሳስ ፍሬ በብርጭቆ ወረቀት ፈጭተህ ዱቄቱን ጥቁር ቦታ ላይ በጣትህ ብታሸው እውነተኛ ብረት ይሆንልሃል። እጅ በሚበዛበት ቦታ ግን አታድርገው፤ ይለቃል።

ስለ መሣሪያው አልጠየቅኸኝም፤ እኔ ግን እነግርሃለሁ። ጠመንጃ የሚመስል ነገር ከሠራህ ደማቅ ብርቱካናማ ቀባው፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትወስደውም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለህ ይሁን። ባጃጅ ውስጥ አፈሙዙን አውጥቶ የሚሄድን ሰው ማንም ከሌላ ፕላኔት ነው የመጣው ብሎ አያልፈውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ራስ ቁር እሠራለሁ ብላ መኝታ ቤቷን ዘግታ በማስቲሽ ስትሠራ ትውላለች። በወረርሽኙ ጊዜ የተረፈ የአፍ መሸፈኛ ታደርጋለች። ይበቃታል? እናት ከአዳማ።

መልስ፦ አይበቃትም፣ እህቴ። ያ መሸፈኛ ንጣፉን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ አቧራውን ይቀንስላት ይሆናል፤ የማስቲሹን ትነት ግን አያቆመውም። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራት ትነቱ በዝቶባታል ማለት ነው። ዛሬውኑ ወደ ግቢ ያውጧት። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ በቀላሉም እሳት ይይዛል። ቡና የሚፈላበት ከሰል በዚያው በረንዳ ላይ እንዳይኖር። ክዳኑን ቀብታ በጨረሰች ቁጥር ትግጠመው፤ ቆርቆሮውንም ሌሊት እርስዎ ያስቀምጡት። ሥራዋን ግን አይከልክሏት።

ጥያቄ፦ ራስ ቁሬን ከወለል ንጣፍ ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስታወቱ በትንፋሼ ይሸፈናል፣ እኔም እታፈናለሁ። ተማሪ ነኝ፤ ከአዳማ።

መልስ፦ ልጄ፣ የሠራሽበት ንጣፍ ሙቀት የማያስወጣ ነው፤ በአዳማ ፀሐይ ደግሞ ምድጃ ይሆንብሻል። ከአገጭሽ ሥርና ከአናትሽ ላይ ቀዳዳ አውጪለት፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ የታችኛው ያስገባል፣ የላይኛው ያወጣል። ከላይ ያለውን እንደ ማሽን መተንፈሻ አስመስለሽ በጥቁር ወንፊት ብትሸፍኚው ጌጥም ይሆናል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ማራገቢያ ካገኘሽ አናቱ ላይ አየሩን ወደ ውጪ እንዲስብ አድርገሽ ግጠሚው፤ ከባትሪው ጋር ቮልቱ መስማማቱን ጽሑፉ ላይ አንብቢ። ለመስታወቱ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በደረቅ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ጥረጊበት፤ ሳታጥቢው እስኪጠራ አሺው። የራስ ቁሩን ውስጥ ጥቁር ቀቢው፤ ከውጪ ፊትሽ አይታይም፣ አንቺ ግን ታያለሽ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ደግሞ አታድርጊው፤ ማሰሪያውን በአንድ እጅ የሚፈታ አድርጊና ውሃ የሚይዝልሽ ጓደኛ አጠገብሽ ይኑር።